የጋሽ ፈንታሁንን ቻርጀር አልሰካም ያልኩ ቀን

በዚያ ቀን በጀልባዋ ዙሪያ የነበርነውን ሰዎች በቅድሚያ ልናገር። ኋላ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ያልነበረ ሰው ሁሉ ነበርኩ ማለት ስለጀመረ ነው። እህቴ ጥሩወርቅ ነበረች፤ ጀልባዋ የእሷ ናት። ጋሽ ፈንታሁን ነበሩ፤ ደብረ ታቦር ላይ የባትሪና የዲናሞ ጋራዥ ያላቸው፣ እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ሰው። መሪጌታ ላቀው ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር ያለው ደብር አገልጋይ። አያ ሞላ ነበረ፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ መብራት የሰጠንም እሱ ነው። አለቤ ነበረ፤ ታንኳ ሲቀዝፍ ያደገ፣ የጀልባዋ ነጂ። ስድስተኛው እኔ ሰጠኝ ነኝ። ሌላ ሰውም መጥቶ ሄዷል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያየነው ግን እኛ ነን።

ያኔ የጋሽ ፈንታሁን ሠራተኛ ነበርኩ። ትምህርት ካቋረጥኩ ጀምሮ ሌላ ቦታ ሠርቼ አላውቅም። ቀን ቀን ዲናሞ እፈታለሁ፣ ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ። ከሥራ በኋላ ኔትወርክ ካለ በስልኬ የባትሪ መመሪያ አወርድና በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ አነባለሁ። ብዙ አልናገርም። አንድ ከገሳይ ከተማ የመጣ ሹፌር “ይሄ ልጅ ይሰማል ወይ?” ብሎ ሲጠይቃቸው ጋሽ ፈንታሁን “ይሰማል፤ መልሱን ግን በመፍቻ ነው የሚሰጥህ” አሉት። እውነታቸውን ነበር። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እሠራለሁ፤ ለሁለታችንም ተስማምቶን ኖረናል።

ጥሩወርቅ ታላቄ ናት። ዓረብ አገር ስትሠራ የነበረችበት ቤት መስኮቱ ወደብ ያሳያል። ልብስ ስትተኩስ የምታየው ጀልባ ነበር። ማታ ባለቤቶቹ ከጀልባቸው ወርደው ወደቡ ላይ ከቆመች አጭር ምሰሶ ገመድ ይሰኩና ይሄዳሉ። “እንደ ስልክ ተሰክተው ያድራሉ” አለችኝ በተመለሰች ሰሞን። “ጠዋት ምንም ሳይጮኹ ውልቅ ብለው ይሄዳሉ።” በዚያው ሰሞን የእኛ አገር ባለጀልባዎች ቤንዚን ፍለጋ ሐሙሲት ከተማ ላይ ጄሪካን ደርድረው ይውሉ ነበር። እሷም ያጠራቀመችውን በሙሉ አውጥታ አንድ አሮጌ የብረት ጀልባ ገዛች። እኔ ከኤሌክትሪክ ባጃጅ የወጣ ሞተር ገጠምኩላት፤ ከመቀመጫው ሥር ካለው ሳጥን ውስጥ አራት ትልልቅ ጄል ባትሪዎች ደረደርኩ። የቀረው ቻርጀር ነበር።

ካልሠራ ምን እንደምታደርግ አልደበቀችኝም። “ፓስፖርቴ ገና አላለቀም” አለችኝ። ወደ ዓረብ አገር የላከቻት ደላላም በየሳምንቱ ትደውል ነበር።

ስለዚህ ቻርጀር መምረጡን እንደ ቀላል ነገር አላየሁትም። ሰው ቻርጀር ሲገዛ የሚጠይቀው በስንት ሰዓት እንደሚሞላ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ መብራቱን ማወቅ ፈለግሁ። በገበያ ቀን የመብራት ኃይል መለኪያዬን፣ ቴስተሬን፣ ይዤ አያ ሞላ ደጃፍ ተቀመጥኩ። ወፍጮው ሲነሳ መብራቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ እንደ ኩራዝ ይቀላል። ወፍጮው ሲቆም ደግሞ ይዘላል። ለዚህ የማይበገር ቻርጀር ያስፈልግ ነበር። ቀጥሎ ሐይቁ አለ። ክረምት ውሃው ወፍጮ ቤቱ ድረስ ይመጣል፤ በጋ ሲገባ ይሸሻል፤ ጀልባዋም ተከትላው ትሄዳለች። ገመድ ይረዝማል፣ ገመድ ሲረዝም ደግሞ መንገድ ላይ ኃይል ይበላል። ስለዚህ ቻርጀሩን ወፍጮ ቤት ትቶ ከዚያ ወደ ባትሪዎቹ ገመድ መጎተት አይሆንም፤ ቻርጀሩ ጀልባዋ ላይ፣ ባትሪዎቹ ጎን መቀመጥ አለበት። ጀልባ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ርጥበት የማይገባው፣ ድፍን መሆን አለበት። ወፍጮ ቤቱ በኩል ደግሞ መብራት ወደ ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር አደረግሁ፤ ጀልባዋ ሥር የሚዋኙ ልጆች አሉና።

ከሁሉም በላይ ግን ባትሪዎቹ ነበሩ። ጄል ባትሪ ታሽጎ የሚመጣ ነው። ክዳን የለውም፤ ውሃ አይጨመርበትም። ከመጠን በላይ ቻርጅ ሲደረግ ውስጡ ይፈላል፣ በእንፋሎት የወጣው ርጥበት አይመለስም፣ ቀስ እያለ ይደርቃል። ለእሱ የሚሆን ቻርጀር መጠኑ ላይ ሲደርስ ራሱን የሚገታ ነው። ደብረ ታቦር ያሉትን ሱቆች በሙሉ ዞርኩ፤ ባሕር ዳር ወረድኩ። ርካሹ ማራገቢያ ያለው ነው፤ የሐይቅ ዳር ትንኝ በአንድ ሳምንት ይደፍነዋል። ፈጣኑ የጄል ማስተካከያ የለውም። በመጨረሻ ከአዲስ አበባ አንድ ትንሽ፣ ድፍን፣ ዝግ ያለ ቻርጀር አስመጣሁ። ባዶ ባትሪ ለመሙላት ሁለት ሌሊት ይፈልጋል። ጥሩወርቅ ይህን አውቃ ተስማማች፤ ጀልባዋ በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች፣ ሌላውን ቀን ተሰክታ ትውላለች።

ቻርጀሩ በአውቶቡስ የደረሰው በኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። በማግሥቱ ከማዶ ባለችው ደሴት ንግሥ ነበር፤ ጥሩወርቅም የደብሩን ሰዎች በሁለት ምልልስ አደርሳለሁ ብላ ለመሪጌታ ላቀው ቃል ሰጥታለች። የጀልባዋ የመጀመሪያ ሥራ ይህ ነበር። እኔ በአንበሳሜ መንገድ ሚኒባስ ይዤ ቻርጀሩን ታቅፌ ስደርስ ሲመጡ ሙሉ የነበሩት ባትሪዎች ሊያልቁ ጥቂት ብቻ ቀርቷቸው አገኘሁ።

“ምን ሆኖ ነው?” አልኩት አለቤን።

“ሰዎች መጡ” አለ።

“የት የሚሄዱ?”

“የትም። ሲያንሸራሽሩን ደስ ይላል አሉ። የአማቴ ወገኖች ናቸው፣ እንዴት እምቢ ልበል?”

ቻርጀሩን ገጠምኩና ሰካሁት። አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ትል ጀመር። አያ ሞላ ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ከወፍጮ ቤቱ ወጥቶ መጣና ጎንበስ ብሎ አያት።

“ይቺ ናት?” አለ። “ለስንት ወር ስትመርጥ የኖርከው ይቺን ነው? የሚስቴ ሽሮ ድስት ትበልጣለች።”

“ድስቱን አምጣና እንሰካው” አለ አለቤ።

በዚህ መሐል ነው የጋሽ ፈንታሁን ፒካፕ ከላይ የመጣችው። እንደሚመጡ አልነገሩኝም ነበር። ከኋላ የተጫነውን በአራት ሰው አስወረዱት። እሳቸው ራሳቸው ትራንስፎርመሩን የጠቀለሉት፣ ቆርቆሮውን የበየዱት፣ አረንጓዴ ቀለም የቀቡት ትልቅ ቻርጀር ነው። ከላዩ የሚዞር እጀታ አለው፤ ከፊቱ እንደ ክንድ የወፈሩ ሁለት ገመዶች ይወጣሉ። ጋራዥ ያለውን አይደለም፤ አዲስ ነው። ለእህቴ ብለው የሠሩት ነው።

“ልጄ ጀልባ ገዛች ሲባል ባዶ እጄን ልምጣ?” አሉ ጥሩወርቅን እየሳሙ። “ይሄ እስከ ጠዋት ሁሉንም ፍልቅልቅ አድርጎ ያስነሳልሻል። በእንዲህ ያለ ሳጥን የተሞላ ባትሪ ጉና ላይ በውርጭ መኪና አስነስቷል።”

መሪጌታ ላቀው በነገው ጉዳይ መጥተው ስለነበር እዚያው ቆመው መረቁ። “እጅህን ይባርከው። ለወገን የሚያስብ አይጣ” አሉ። ሁሉም አሜን አለ። እኔም ሳላስበው አሜን አልኩ።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ እኔ ዞሩ። “በል ሰጠኝ፣ ያቺን አሻንጉሊት ንቀልና ይሄን ስካ።”

ይህን የምታነቡ አንባቢዎች አንድ ነገር እንድትረዱልኝ እፈልጋለሁ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው በእጁ የሠራውን፣ ካህን የመረቀውን ስጦታ ሰው ፊት መመለስ ያሳፍራል፤ ለሰጪውም ለተቀባዩም። ያውም እኔ የእሳቸውን እንጀራ በልቼ ያደግሁ ነኝ። እንደማይሆን ግን አውቅ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ባትሪ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው። ቻርጅ ሲደረግ ጆሯቸውን እንደ ሐኪም ይለጥፋሉ፤ ሲንተከተክ ከሰሙ ሞልቷል ይላሉ፤ ካልፈላ አልሞላም። የመኪና ባትሪ ላይ ይህ ለብዙ ዘመን ሠርቶላቸዋል፤ ሲፈላ የጎደለውን ውሃ ክዳኑን ከፍተው ይጨምራሉ። የእኛ ባትሪ ግን የሚከፈት ነገር የለውም። ሳጥናቸው ደግሞ መቼ እንደሚቆም የሚያውቅ ነገር በውስጡ የለም፤ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ፣ ያውም በመፍላቱ ነው።

“አልሰካውም” አልኩ።

ድምፄ ትንሽ ስለነበር መጀመሪያ የሰማኝ አለቤ ብቻ ይመስለኛል። ጋሽ ፈንታሁን “ምን አልክ?” አሉ።

“አልሰካውም ጋሼ። እነዚህ ባትሪዎች መፍላት የለባቸውም። ይሄ ደግሞ ሳያፈላ አይተውም።”

“ያልፈላ ባትሪ ሞልቶ አይተህ ታውቃለህ?”

“እነዚህ ሳይፈሉ ነው የሚሞሉት።”

“እኔ ካስተማርኩህ ሌላ ማን አስተማረህ?”

“መመሪያው ላይ አለ።”

“መመሪያውን የጻፈው ሰውዬ ደብረ ታቦር መጥቶ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“እንግዲያስ።”

“ባትሪውን የሠራው ግን እሱ ነው” አልኩ።

አለቤ ሳቀ። ባይስቅ ይሻል ነበር። የጋሽ ፈንታሁን ፊት ሲለወጥ አየሁ። መሪጌታ ላቀው “ልጄ፣ አሳዳጊህ ናቸው” አሉኝ ቀስ ብለው። አያ ሞላ ደግሞ “ኧረ ስካውና እንገላገል፤ ነገ ሰው ሊሄድበት ነው” አለ። እኔ ጀልባዋ አፍ ላይ፣ ገመዱ የሚገባበት ቦታ ቆሜ ነበር። ከዚያ አልተንቀሳቀስኩም። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ጥሩወርቅ ክንዴን ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወሰደችኝ።

“እውነቱን ንገረኝ” አለች። “የእሳቸው ቢሰካ ዛሬ ምን ይሆናል?”

“ዛሬ ምንም አይሆንም። ጠዋት ሙሉ ይሆናል።”

“ነገስ?”

“ነገም በደንብ ትሄጃለሽ። ምናልባት ለጥቂት ወራት ትሄጃለሽ። ከዚያ ባትሪዎቹ ይነፋሉ፣ አቅም ያጣሉ። አንድ ቀን ሰው እንደጫንሽ መሐል ሐይቅ ላይ ይቆማል። ሌላ አራት ባትሪ የመግዣ አቅም የለሽም።”

“የአንተው ቢሆንስ?”

“ነገ ጠዋት ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። አንድ ምልልስ ታደርሻለሽ፤ ያውም ሰው ቀንሰሽ፣ ቀስ ብለሽ።”

“ዛሬ ብቻ፣ አንድ ሌሊት ብቻ በእሳቸው ብንሞላውስ?”

ይህን እኔም አስቤው ነበር። “አጠገቡ ቁጭ ብዬ ልቆጣጠረው እችላለሁ” አልኳት። “ግን ዛሬ ከሰካነው ሁልጊዜ ይሰካል። እኔ ደብረ ታቦር ነኝ። አለቤ እምቢ ማለት አይችልም።”

ሳቋ መጣ፣ ግን አልሳቀችም። ሐይቁን አየች። “ነገ ካላደረስኳቸው ከነገ ወዲያ ማን ይሳፈርልኛል?” አለች። ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች፤ እኔ ተከተልኳት።

“ጋሼ” አለች፣ “ስጦታዎን ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አያ ሞላ ቤት ይቀመጣል። ጀልባዬ ላይ ግን አይሰካም።”

“ወንድምሽ አሳመነሽ” አሉ።

“አላሳመነኝም። ነገሩን ነገረኝ። የወሰንኩት እኔ ነኝ።” ከዚያ ወደ መሪጌታ ላቀው ዞረች። “የኔታ፣ ለሁሉም ቃል ሰጥቼ ነበር፤ ቃሌን አጉድያለሁ። ነገ ሽማግሌዎቹንና መሄድ የማይችሉትን ብቻ እወስዳለሁ። ሌላው በታንኳና በቤንዚን ጀልባ ይሂድ።”

“መቼስ ጀልባው የአንቺ ነው” አሉ መሪጌታ ላቀው።

ጋሽ ፈንታሁን ወደ ፒካፓቸው የሚመለሱ መስሎኝ ነበር። አልተመለሱም። ሳጥናቸው ላይ ተቀመጡና “እኔም አድራለሁ” አሉ። “ነገ አብሬ እሳፈራለሁ። መሐል ላይ ስትቆሙ ማን እንደሚቀዝፍ ማየት አለብኝ።”

ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ ወፍጮው ተነሳ። ለንግሥ የሚሆን እህል ይዘው የመጡ ሴቶች ስለነበሩ አያ ሞላ ማስነሳት ነበረበት። ቻርጀሬ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት ቀይ ሆነች፤ ከዚያ ጠፋች።

አያ ሞላ ከወፍጮ ቤቱ በር ብቅ ብሎ “ድስቷ ሞተች” አለ።

ቆሜ አየኋት። በመመሪያው መሠረት መብራቱ ሲወርድ ራሷን ታጠፋለች፣ ሲስተካከል ራሷ ትነሳለች። እንደዚያ የሚለውን አንብቤዋለሁ፤ በዓይኔ ግን አላየሁትም። ጋሽ ፈንታሁን መቁጠሪያቸውን አውጥተው ይቆጥሩ ጀመር፤ እየጸለዩ ይሁን እያላገጡብኝ አላወቅሁም። የወፍጮው ድንጋይ እህሉን ሲይዝ ጩኸቱ ረገብ አለ፤ የወፍጮ ቤቱ አምፖል ነጣ። ትንሽ ቆይቶ አረንጓዴዋ ብልጭ አለች።

“ተነሳች” አለ አለቤ። ጋሽ ፈንታሁን መቁጠራቸውን አላቆሙም።

ከመምሸቱ በፊት አንድ ሥራ ቀረኝ። ውሃው ሸሽቶ ስለነበር ጀልባዋን ወደ ውስጥ ገፋናት፤ ገመዱ አልደርስ አለ። ሌላ ገመድ ቀጠልኩበት። መጋጠሚያውን በፕላስተር ጠቅልዬ ከመሬት ከፍ እንዲል ድንጋይ ላይ አስቀመጥኩት። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም አልኩ፤ ድካሙ ወሰደኝ።

የነቃሁት በካፊያ ድምፅ ነው። ጎህ ቀዷል። መጀመሪያ ያሰብኩት መጋጠሚያውን ነው። ዝናብ ከገባበት ብሬከሩ ቆርጦታል ማለት ነው፤ ብሬከሩ ከቆረጠ ሌሊቱን ሙሉ ባትሪው ምንም አልተሞላም። ጫማዬን ሳላደርግ ሮጥኩ።

መጋጠሚያው እኔ በተውኩት ሁኔታ አልነበረም። በፕላስተሬ ላይ ከመነዳሪ ከምንለው አሮጌ የመኪና የውስጥ ጎማ የተቆረጠ ቀጭን ላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሞበታል። ጫፉ ወደ ውስጥ ተመልሶ ተሸጉጧል። በላዩ ደግሞ የተሰነጠቀ ሳፋ ተደፍቶበታል። ሳፋው ሥር ደረቅ ነበር። ጀልባዋ ላይ ወጥቼ መለኪያውን አየሁ፤ ከግማሽ አልፏል። አረንጓዴዋ ብልጭ ትላለች።

ዙሪያዬን አየሁ። ጋሽ ፈንታሁን ፒካፓቸው ውስጥ ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። አያ ሞላ በሩን ይከፍታል። አለቤና መሪጌታ ላቀው ፊታቸውን ይታጠባሉ። ማንንም አልጠየቅሁም።

ካፊያው ሲያባራ ሽማግሌዎቹ መጡ። ከእነሱ ጋር ሁለት ዓይነ ስውር ደብተራዎችና ወገቧን የታመመች አንዲት ሴት ነበሩ። ሌላው ሕዝብ ዳር ላይ ቆሞ ያየናል። “ያቺ መንሸራሸሪያ ናት?” የሚል ሰማሁ። “ግማሽ መንገድ ትወስድና ግማሹን በዋና ነው አሉ” አለ ሌላው። ጥሩወርቅ ሰው እየደገፈች ታሳፍራለች፤ እንዳልሰማች ሆነች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር። ጋሽ ፈንታሁን ገብተው በቀጥታ የባትሪዎቹ ሳጥን ክዳን ላይ ተቀመጡ።

መሄጃው ምንም ችግር አልነበረበትም። ሐይቁ የተዘረጋ ቆዳ መስሎ ነበር። ሞተሩ አይጮህም፤ ሽማግሌዎቹ እየተንሾካሾኩ ያወሩ ጀመር፤ ከዚያ ድምፅ ማሳነስ እንደማያስፈልጋቸው ገባቸውና በደንብ ያወሩ ጀመር። አንደኛው ደብተራ “ተነስተናል?” ብለው ጠየቁ። መሐል ደርሰን ነበር።

ያስቸገረው መመለሻው ነው። ከቅዳሴና ከንግሡ በኋላ ነፋስ ተነሳ፤ እንዳለ ከፊታችን ይነፍሳል። መለኪያው ጠዋት ከወረደው በበለጠ ይወርድ ጀመር። አለቤ ነፋስ ሲያይ ደሙ ይፈላል፤ ታንኳ ቀዛፊ ነው፣ ነፋስን በጉልበት መግፋት ነው የሚያውቀው። እጀታውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዘው።

“ቀንስ” አልኩት።

“ቀንሼ የት ልደርስ? ነፋሱ ይመልሰናል።”

“አይመልሰንም። በሙሉ ኃይል ከሄድክ ግን ባትሪው አያደርሰንም። በግማሽ ኃይል ይደርሳል።”

“ዳሩ እኮ እየታየ ነው” አለ። አልቀነሰም። ሞገዱ አፍንጫዋን ይመታል፤ ውሃ ሽማግሌዎቹ ላይ ይረጫል። መለኪያው ቀይ ውስጥ ገባ። ጥሩወርቅ እኔን አየችኝ። ደግሜ “ቀንስ” አልኩ፤ ነፋሱ ድምፄን ወሰደው። መቼም ቢሆን ድምፄ ትልቅ አይደለም።

ያኔ ጋሽ ፈንታሁን ካሉበት ሳይነሱ፣ ጋራዥ ውስጥ መፍቻ አምጣ በሚሉበት ድምፅ፣ “አለቤ፣ ቀንስ ተብለሃል፤ ቀንስ” አሉ።

አለቤ ቀነሰ።

ዳሩ የሚቀርብ አይመስልም ነበር። እምቦጭ አረም ከወረረው ቦታ ራቅ ብለን ዞርን፤ ዙሩ መንገድ ጨመረ። እኔ መለኪያውን፣ ጥሩወርቅ ዳሩን፣ ጋሽ ፈንታሁን እኔን እናያለን። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ ዘንበል አድርገው ነበር። የሚሰማ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። እሳቸውም ያወቁ ይመስለኛል።

የጥሩወርቅ ስልክ የጠራው በዚህ መሐል ነው። ቁጥሩን አይታ ደላላዋ እንደሆነች አወቀች፤ እኔም ከፊቷ አወቅሁ። አነሳችው። “አሁን አይመቸኝም” አለች፣ “ሥራ ላይ ነኝ።” ዘጋችው።

የጀልባዋ አፍንጫ ጭቃውን ሲነካ መለኪያው ላይ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹን አወረድን። ወገቧን የታመመችው ሴት ስትወርድ ጥሩወርቅን “ለገናስ ትወስጂናለሽ?” አለቻት። ዳር ላይ ጠዋት ያፌዙ ሰዎች ነበሩ፤ አሁን ሽማግሌዎቹን ጭቃውን ያሻግራሉ።

ጋሽ ፈንታሁን መጨረሻ ወረዱ። ጭቃውን ካለፉ በኋላ ቆመው ጠበቁኝ።

“ትክክል ነህ አላልኩም” አሉ።

“እኔም አላልኩም ጋሼ።”

“ሰው ፊት እምቢ ብለኸኛል።”

“ብያለሁ።”

“የጋራዡን ቁልፍ።”

ከኪሴ አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ወደ ፒካፓቸው ሄዱ። ይቅርታ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ኖሮ ለምኑ እንደምጠይቅ ስለማላውቅ ነው። በእርግጥ አክብሬያቸው ነበር፤ አሁንም አከብራቸዋለሁ። አክብሮቴ ግን እህቴን ወደ ሰው አገር የሚመልስ ከሆነ ይቅርብኝ አልኩ።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ ቆይቷል። ጥሩወርቅ አልሄደችም። ያቺ ትንሽ ቻርጀር ዛሬም እዚያው ናት፤ ወፍጮው ሲነሳ ትጠፋለች፣ ሲረጋ ትነሳለች፤ አያ ሞላ አሁንም ድስቷ ይላታል፤ ጠዋት ጠዋት ግን በጨርቅ የሚወለውላት እሱ ነው። የጋሽ ፈንታሁን ሳጥን ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። የገበሬዎቹ የትራክተርና የመኪና ባትሪ፣ ክዳን ያለው ሁሉ፣ በእሱ ይሞላል፤ ለእነዚያ ጥሩ ነው፣ አጠገቡ የሚቆጣጠር ሰው እስካለ ድረስ። ይህንን መደበቅ አልፈልግም።

እኔ ደብረ ታቦር ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ እሠራለሁ። ዛሬ የማውቀውን ሁሉ ከዚያ ቀን በፊትም አውቀው ነበር፤ አንድም የጨመርኩት ነገር የለም። የተለወጠው አፌ ነው። ሰው ገፍቶ ሲመጣብኝ ዝም ብዬ መፍቻ ማንሳት ትቻለሁ፤ አይሆንም እላለሁ፣ ለምን እንደማይሆን እናገራለሁ። ባለጌ የሚሉኝ አሉ። ይበሉ። ከእናንተ ውስጥም የምታውቁትን አውቃችሁ፣ ካህን ስለመረቀው ወይም ያሳደጋችሁ ሰው ስለያዘው ብቻ ልትሰኩት እጃችሁን የዘረጋችሁ ካላችሁ፣ እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱት። ይንቀጠቀጣል። ግድ የለም፣ ይንቀጠቀጥ።

ከጋሽ ፈንታሁን ጋር መንገድ ላይ እንሰላምታለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አንነጋገርም። አንዳንዴ ግን ሰው ታሽጎ የመጣ ባትሪ ይዞ ይመጣና “ጋሽ ፈንታሁን ይሄ የእኔ አይደለም፣ ወደዚያ ልጅ ውሰደው ብለውኝ ነው” ይለኛል። ተቀብዬ እሠራለሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ይህን የጻፍኩትም በአብዛኛው ለእሱ ነው። እዚያ የነበራችሁ ሁሉ የረሳሁትን ጨምሩልኝ፤ ያጠፋሁትን አርሙኝ። ጥሩወርቅ፣ እኔ ስተኛ አንቺ ነቅተሽ እንደነበር ነግረሽኛል፤ ሌላውን ግን አልነገርሽኝም። አለቤ፣ አያ ሞላ፣ የኔታ፣ እናንተም እዚያው አድራችኋል። ሳፋው የአያ ሞላ ሚስት ንብረት መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ማን እንዳነሳው ግን አታውቅም። ከመነዳሪ ቆርጦ ገመድ የሚጠቀልልና ጫፉን ወደ ውስጥ መልሶ የሚሸጉጥ ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ከእሱ የተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ፤ እኔ ተኝቼ ነበር። በዚያ ካፊያ ውስጥ ወጥቶ መጋጠሚያዬን የጠቀለለውን ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ። ጋሼ፣ ይህን የሚያነብልዎት ሰው ካለ፣ እርስዎም ቢሆኑ ይጨምሩበት።